ለሽብሩ የተሠራው ብረት

ጋሮማ በነቀምቴ ከተማ ጎልፍ የሚጫወት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሰው ይመስለኛል። ሌላ ቢኖር እኔ ሳላየው አልቀርም ነበር። ቤቴ ከጨለለቂ ሰፈር ወጣ ብሎ ካለው የግጦሽ ሜዳ ጫፍ ላይ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሥራዬ ጓሮዬን መኮትኮትና ከአጥሬ ውጭ የሚያልፈውን መታዘብ ሆኗል። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ስቆጣ የኖርኩ አስተማሪ ነኝና ዓይኔም ምላሴም ሥራ ፈትተው መቀመጥ አይችሉም።

ጋሮማን ያወቅሁት በጠብ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎመን ስቆርጥ አንዲት ነጭ ነገር ከሰማይ ወርዳ አጠገቤ ያለው ጭቃ ውስጥ ጥልቅ አለች። ድንጋይ የተወረወረብኝ መስሎኝ መኮትኮቻዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ከግቢዬ በር ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ ሽማግሌ ቆሟል።

«አሻማ፣ ቲቸር» ብሎ በትሕትና ሰላምታ ሰጠኝ። አስተማሪ መሆኔን ሰፈሩ ነግሮታል ማለት ነው። «ኳሴ ገብታብኝ ነበር፣ ማሎ፣ እባክዎ።»

«በዚህ ዕድሜዎ ኳስ?»

«ዕድሜ የማይጠይቅ ጨዋታ ነው» አለኝ ሳይቀየም። የጎመኑን ቅጠል ገለጥ ገለጥ አድርጎ ኳሷን አወጣ፣ በኮቱ ጠርጎም ኪሱ ከተታት። ከዚያ በኋላ ስንት ኳስ እንደመለስኩለት፣ ስንቴስ እንደተቆጣሁት አላውቅም። አንቱታውም በጠቡ መሐል ቀረ። ሲቆጡት ደስ የሚለው ሰው ነው፤ የሚቆጣው ሌላ ሰው ስለሌለው ይመስለኛል።

የተወለደው ኡኬ አካባቢ ነው። ወጣት ሳለ የቀን ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዶ ከጎልፍ ሜዳ ሳይወጣ አረጀ። መጀመሪያ የተጫዋቾችን ቦርሳ ይሸከም ነበር፣ ኬዲ የሚሉት ዓይነት። ኋላ እጁ ቀና ሆኖ ስላገኙት የተሰበረ ዱላ ወደሚጠገንበት ክፍል አስገቡት፤ እዚያው እጀታ ሲለውጥና ብረት ሲሞርድ ጡረታው ደረሰ። ዘግይቶ አግብቶ ነበር፣ ሚስቱ ልጅ ሳይወልዱ ሞተችበት። አዲስ አበባ ያለ እሷ አልሆን ሲለው የሟች እህቱ ቤት ባዶውን ወደ ቆመበት ወደ ነቀምቴ ተመለሰ። ይዞት የመጣው ቁም ነገር አንድ የዱላ ቦርሳ ነበር። አብሮ አደጎቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ተበትነዋል። ኦሮምኛው እንኳ የድሮ ሆኖበት ገበያ ላይ ወጣቶቹ ይስቁበታል። ቸርች ሄዶ ከኋላው ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ከሁሉ ጋር ይጨባበጣል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤተሰቡ ሲሄድ እሱ ወደ ሜዳው ይመጣል። አገሩ ገብቶ እንግዳ የሆነ ሰው አይቼ የማውቀው እሱን ነው።

እንግድነቱን ያቀለለለት ሌላ እንግዳ ነው፣ ሽብሩ ይባላል። ወላጆቹ ከሸዋ መጥተው ጊዳ አያና ላይ የወለዱት ነጋዴ ነው። በዚያ በክፉው ጊዜ ሱቁንም ቤቱንም ትቶ ነቀምቴ ገባ። ሚስቱን ቀደም ብሎ ቀብሯል፣ አንድ ልጁ ሩት አዲስ አበባ ትሠራለች። ከተከራየው ቤት ደጃፍ ላይ ሚስማር፣ ገመድና ቀለም የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ጋሮማ አንድ ቀን ብርጭቆ ወረቀት ሊገዛ ቢሄድ ሽብሩ «ምን ልትፍቅበት ነው?» ብሎ ጠየቀው። የሚጠይቀው ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ መልሱ አያልቅበትም፤ ስለ ጎልፍ ሲያወራለት ዋለ። በሚቀጥለው እሑድ አንደኛው ከቸርች፣ ሌላኛው ከቅዳሴ መልስ ሜዳው ላይ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት የሁለቱ ሆነ።

ሜዳው ላይ አንድ የድልህ ቆርቆሮ ቀብረዋል፣ አጠገቡ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ሸንበቆ ተክለዋል። ከሩቅ ሆነው ኳሷን ወደዚያ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ ይሄዳሉ፣ እንደገና ይመታሉ። ላም መሐል ገብታ ከቆመች እስክትነሣላቸው ይጠብቃሉ። ጋሮማ ሲመታ ድምፁ አጭርና ንጹሕ ነው፣ ኳሷ ተነሥታ ሸንበቆው ሥር ታርፋለች። ሽብሩ ሲመታ የሚነሣው አፈር ነው። አንድ ጊዜማ የተነሣው ጓል ከኳሷ አርቆ ሄዶ ሁለቱም በሳቅ መሬት ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ። ሽብሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነበር። ስለ አያና ገበያ፣ ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ድሮ ደንበኞቹ ያወራል፣ በመሐል ተራው ሲደርስ ጋሮማ «ምታ እንጂ» ይለዋል፣ መትቶ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። ማን እንዳሸነፈ ብጠይቀው አያውቀውም። «እሱን ጋሮማ ነው የሚይዘው» ይለኛል።

ጋሮማ ቦርሳው ውስጥ ካሉት ዱላዎች ሁሉ አስበልጦ የሚወደው ዌጅ የሚሉትን ነው። ከቅርብ ርቀት ኳስን ወደ ላይ አንሥቶ ቀስ ብሎ የሚጥል፣ ፊቱ ወደ ሰማይ የተንጋለለ አጭር ዱላ ነው። አንድ ቀን አጥሬ ሥር አረፍ ብሎ፣ ሽብሩ ከላም ጋር ሲጨቃጨቅ እየተመለከተ ስለሱ አስረዳኝ።

«ሽብሩ የሚስተው ሰነፍ ሆኖ አይደለም» አለኝ። «ያዋስኩት ብረት ስለማይምር ነው።»

«ብረት ደግሞ ይምራል?»

«ይምራል እንጂ። እስቲ ማንኪያ አምጪልኝ።»

አመጣሁለት። በጠርዟ ይዞ ጭቃው ላይ ጎተታት፣ ገብታ ቀረች። ገልብጦ በጀርባዋ ጎተታት፣ ተንሸራታ አለፈች።

«የኔ ዌጅ ሶሉ፣ ከሥር መሬት የሚነካው ማለቴ ነው፣ ቀጭን ነው፣ እንደ ጠርዟ» አለ። «ኳሷን ብቻ ካገኘሻት ምላጭ ነው። አንድ ጣት ከኳሷ ወደ ኋላ ካረፍሽ ግን መሬት ገብቶ ይቀራል፤ ይሄ ቀይ አፈራችን ደግሞ ዝናብ ሲነካው ጨርሶ አይለቅም። ሶሉ ሰፋ ቢል፣ ኋላውም ከፊቱ ዝቅ ቢል፣ እንደ ማንኪያዋ ጀርባ ይንሸራተታል። ብትሳሳቺም ኳሷ ትሄድልሻለች። ሌላም አለ። ከመሐሉ ወጣ አድርገሽ ስትመቺ ብረቱ እጅሽ ውስጥ ይዞራል። ክብደቱ ወደ ሁለቱ ዳር ከተከፈለ ግን፣ ግራና ቀኝ ጀሪካን እንዳንጠለጠለ ሰው ነው፣ ቶሎ አይዞርም። የሚምር ብረት እሱ ነው።»

«ታዲያ አንተ ለምን የሚምረውን አትይዝም?»

«እኔማ አልስትም» አለኝ። ጉራ መሆኑ ነው። ማንኪያዬንም ሳያጥብ መለሰልኝ።

ባለፈው ግንቦት ሽብሩ ሱቁ ውስጥ ሚስማር ሲመዝን ወደቀ። ደም ግፊት ነበረበት። ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ፣ አፉም ተያዘ። ሆስፒታል ልንጠይቀው ስንሄድ ክፍሉ በሰው ሞልቶ ነበር። ሩት ከአዲስ አበባ መጥታ ራስጌው ቆማለች፤ ሲሻለው ይዤው እሄዳለሁ ብላ ለሁላችንም ነግራናለች። ሽብሩ ራሱን ይነቀንቃል፣ አልሄድም ነው። ቀጥሎ በግራ እጁ ቀኝ እጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ አኖረና «ይቺ… አበቃላት» አለ፣ እንባው በጆሮው በኩል እየወረደ።

ጋሮማ ያን ሲያይ ከጠያቂው መሐል ብድግ አለ። «ሽብሩ፣ ስማኝ» አለ ጮክ ብሎ። «በግራ እጅህ ብቻ የምትመታበትን ብረት እሠራልሃለሁ። በጌታ ስም፣ ያን ብረት ሳልይዝ ደጅህን አልረግጥም።» ጠያቂው በሙሉ፣ የእነጋሮማ የቸርች ሰዎችም እኛ ኦርቶዶክሶቹም፣ «አሜን» አለ። እኔ ብቻ አላልኩም። በሰፈራችን በሕመምተኛ ራስጌ፣ ያውም በአምላክ ስም የተነገረ ቃል አይታጠፍም፤ ያጠፈ ሰው በሽታውን ያከብድበታል ይባላል። ጋሮማ ደግሞ ይህን ከልቡ የሚያምን ሰው ነው።

ከክፍሉ ስንወጣ ተቆጣሁት። «ምን ቆርጦህ እንዲህ ያለ ነገር ተናገርክ?» አልኩት።

«ጨዋታው ካለ አይሄድም» አለኝ። «እሑድ እሑድ የሚወጣበት ካለው ከነቀምቴ ምን ያስወጣዋል? ብረቱ ብቻ ይድረስልኝ፣ ልጅቷም ትተወዋለች።» ሐሳቡ ይህ ነበር። ሽብሩ ከሄደ በዚህ ከተማ ለእሱ ማንም እንደማይቀረው እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ሰኔ ገባ። ሽብሩ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ። ሩት ሥራዋ ስላስገደዳት ድርቤ የምትባል ጎረቤት እንድትረዳው ቀጥራ ተመለሰች፤ በየጊዜው እየደወለች ና ትለዋለች፣ እሱ እንቢ ይላል። ጋሮማ ከቦርሳው አንድ አሮጌ ዌጅ መርጦ በዝናቡ ኡኬ ሄደ። እዚያ ባቻ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ አለ፣ የሩቅ ዘመዱ ነው። የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ከብረቱ ሥር አያይዞ ሶሉን ሁለት ጣት ያህል እንዲያሰፋለት፣ ኋላውንም ዝቅ እንዲያደርግለት አፈር ላይ በጣቱ እየሣለ አስረዳው። ባቻ «ገብቶኛል» አለ። ጋሮማ ሚኒባሱ እንዳያመልጠው ብረቱን ትቶለት ተመለሰ።

በሳምንቱ ሲሄድ ባቻ ፊቱ በርቶ ጠበቀው።

«ኦቦ ጋሮማ፣ ይዩት እስቲ!» ብሎ ብረቱን ከጆንያ አወጣው። መስፋቱ ቀርቶ ከነበረበትም ቀጥኗል፣ ጫፉ እስኪያብረቀርቅ ተስሏል። ባቻ የክንዱን ፀጉር በጫፉ ላጭቶ አሳየው።

«ባቻ፣ አስፋው አላልኩህም?»

«ብለውኛል። ሥራውን ስጀምር ሳስበው ግን አፈር የማይነክስ ብረት ምን ይሠራልዎታል? ዘመዴ ነዎት፤ ነገ ሰው አይቶት ይህን ማን ሠራው ቢል የማፍረው እኔ ነኝ። ስለዚህ በደንብ አድርጌ ሳልኩት። ማሎ፣ ለእርስዎማ በነጻ ነው።»

በባቻ አልፈርድም። እሱ ዘንድ የሚመጣ ብረት ዶማ ነው፣ ማጭድ ነው፣ ማረሻ ነው፤ ብረትን ሳይስሉ ለባለቤቱ መመለስ ለእሱ ነውር ነው። መሬት እንዳይገባ ተብሎ የሚሠራ ብረት ከየት አይቶ ያውቃል? ጋሮማ ሊቆጣው ፈልጎ አቃተው፣ «ገለቶሚ» ብሎ አመስግኖት ምላጩን በጆንያ ጠቅልሎ ተመለሰ። ታሪኩን ሲነግረኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «ጊዜው እየሄደ ነው፣ ቲቸር» አለኝ፣ እኔም ሳቄን ዋጥኩት።

ቦርሳው ውስጥ የቀረው ዌጅ የራሱ ብቻ ነበር፣ ያ የማይምረው። አዲስ አበባ ሳለ በእጁ የገባ፣ እጀታው በጣቶቹ ልክ የጎደጎደ። ስንት ዘመን አብሮት ኖሯል። አንድ ቀን ሙሉ ጭኑ ላይ አድርጎት በረንዳው ላይ ተቀምጦ አየሁት፣ ሲነጋ ከተማ ብየዳ ቤት ወሰደው። ዳግመኛ ትቶ መምጣት የለም፤ ከበያጁ ከኢቢሳ አጠገብ ቆሞ፣ ዓይኑ በብልጭታው እስኪቀላ፣ ባሌስትራውን እያስበየደ በግራይንደር እያስፈገፈገ ሰነበተ። ነገሩ እንዳሰበው ቀላል አልነበረም። ሶሉ በጣም ሲሰፋ ብረቱ ከኳሷ ሥር መግባት አቃተው፣ ወገቧን መትቶ መሬት ለመሬት ሰደዳት። ኋላውን በጣም ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ ጠንካራ መሬት ላይ እየነጠረ ከኳሷ በላይ አለፈ። ለዳርና ዳሩ ክብደት ሲጨምርለት አንድ እጅ የማያነሣው ሆነ። እየሞረደ ሜዳ ይወጣል፣ ሞክሮ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞርዳል።

ሲሞክር ያየሁት ዕለት መጀመሪያ አብዷል ነው ያልኩት። ቀኝ እጁን በቀበቶ ከወገቡ ጋር አስሮ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ በግራ እጁ ብቻ ይመታል። ሽብሩን መሆኑ ነው። ሰማዩ ያካፋል፣ ሜዳው ላይ ከእሱ በቀር ሰውም ከብትም የለም። ብረቱ መሬት ውስጥ ሲሰነቀርበት ሚዛኑን ስቶ ወደቀ፤ እጁ ታስሯልና ለመነሣት ብዙ ታገለ። በመንገዱ የሚያልፉት ቆመው ይስቁበታል። እኔ ያን ዕለት መሳቅ አልቻልኩም። ተነሥቶ ጭቃውን አራገፈና ኳሷን ፍለጋ ሄደ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሽብሩን ደጅ አልረገጠም። አንድ ጊዜ ብቻ ስልክ ደውሎለት ነበር፤ የዚያ የወሬኛ ሰው ድምፅ ተቆራርጦ፣ ቃል እየጎተተ ሲመጣበት ስልኩን ዘግቶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

እኔ ሽብሩን እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ድርቤ ወንበር አውጥታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጋ ደጃፉ ላይ ታስቀምጠዋለች። በመጀመሪያው ሰሞን ጠያቂ አይጠፋም ነበር፣ ኋላ እየሳሳ ሄደ። ሰው ሥራ አለው፤ የሽብሩን ንግግር ለመስማት ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔን ሲያይ ቶሎ ብሎ የሚያየው ከኋላዬ ነው፣ ተከትሎኝ የመጣ ሰው እንዳለ።

«ጋሮማስ?» ይለኛል።

«ብረትህን እየሠራልህ ነው።»

«ብረቱ… ይቅር። ይምጣ… በይው።»

ይህቺን ታህል ለመናገር አገጩ እስኪርስ ደከመ። ቃል በቃል ለጋሮማ አደረስኩ። መሞረዱን አላቆመም።

«ቃል አለብኝ» አለኝ።

«ቃሉን የገባህለት ሰው ራሱ ይቅር አለህ እኮ!»

«በጌታ ስም የተባለውን ሽብሩ አያነሣውም። ደግሞ ባዶ እጄን ገብቼ ምን እለዋለሁ? ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ቲቸር።»

ግትር አልኩት። ደንቆሮ አልኩት። «የታመመው ሰው ነው እንጂ ዱላ አይደለም» አልኩት። እንደ ድሮው ስቆጣው ፈገግ የሚል መስሎኝ ነበር፣ ፊቱን አዞረብኝ። የያዘው ቃሉ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ያን ወፍራም ሳቂታ ወዳጁን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ማየት ፈርቷል። ብረቱን ይዞ ከገባ የድሮውን ሽብሩ የሚያገኝ መስሎታል።

ጥቅምት ገባና ሜዳው አደይ አበባውን ጨርሶ መድረቅ ሲጀምር አንድ ከሰዓት የግቢዬን በር አንኳኳ። ተላጭቷል፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል።

«ነይ እይ» አለኝ።

እጁን አሰረና መታ። ሆን ብሎ ከኳሷ ኋላ መሬት ላይ አሳረፈው፤ ብረቱ ሣሩን ላስ አድርጎ አለፈ፣ ኳሷ ተነሣች። ከጫፉ መታ፣ ተነሣች። ከሥሩ መታ፣ ጠመም ብላ ብትሄድም ተነሣች። «እንቺ፣ አንቺም ሞክሪ» አለኝ። በሕይወቴ ኳስ መትቼ አላውቅም፤ ያቺ ነጭ ነገር ከእጄ ላይ እንደ ወፍ ተነሥታ ሸንበቆው አጠገብ ስትወርድ የጮህኩት ጩኸት እስካሁን ያሳፍረኛል። ብረቱ መልኩ አስቀያሚ ነው። ከጀርባው ግራና ቀኝ ሁለት የባሌስትራ ጉብታ ተበይዶበታል፣ እጀታው በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ተጠቅልሎ ወፍሯል። ከዚያ ከሚያምር ዌጁ ምንም አልቀረም። ጋሮማ ግን እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልሎ አቀፈው። «በይ እንሂድ» አለኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ እሑድ ሲያወራ እኔ እግሩን መከተል አቅቶኝ ነበር።

የሽብሩ ሱቅ ተዘግቷል። ግቢ ስንገባ ፍራሽ ተጠቅልሎ፣ ካርቶን ታስሮ ተደርድሯል። ሩት ሻንጣ እየዘጋች ነበር። ጋሮማን ስታይ ፊቷ ጠቆር አለ፣ ግን ጨዋ ልጅ ናትና ተነሥታ «ጋሼ ጋሮማ፣ እንደምን ከረሙ?» አለችው። እሱ ዕቃውን ያየውም አይመስለኝም። ቀጥ ብሎ ወደ ሽብሩ ሄደ፣ ወንበሩ ሥር ተንበርክኮ አቀፈው። ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ሽብሩ ከስቷል፣ ያ ሁሉ ሆድ የለም።

«አመጣሁልህ» አለው ጋሮማ። «ተነሥ፣ ሞክረው። ይሄ ማንንም ይምራል።»

ሩትና እኔ ግራና ቀኝ ደግፈን አቆምነው። ጋሮማ ኳሷን ከሣሩ ላይ አኖረለት። ሽብሩ ብረቱን በግራ እጁ ያዘ፣ ትንሽ አወዛወዘና ለቀቀው። እጁ ቀድሞ ወርዶ ከኳሷ ብዙ ወደ ኋላ መሬት ነካ። በድሮው ብረት ቢሆን እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። አሁን ተንሸራተተ፣ ኳሷም ተነሥታ የቆርቆሮውን አጥር አለፈች። ድርቤ እልል አለች። ጋሮማ እያለቀሰ ያጨበጭባል።

«አየህ! አየህ አይደል? እሑድ ሜዳው ላይ ነን! ወንበር ይዤልህ እወጣለሁ፣ ሲደክምህ እየተቀመጥክ…»

«ጋሼ ጋሮማ» አለች ሩት ቀስ ብላ። «ነገ ጠዋት እኮ ልንሄድ ነው።»

ጋሮማ ወደ ሽብሩ ዞረ። «አልሄድም ትል አልነበር?»

ሩት መለሰችለት። «ክረምቱን ሙሉ ስለምነው፣ ጋሮማ ሳይመጣ አልሄድም ነበር የሚለኝ። ባለፈው ሳምንት ራሱ በድርቤ ስልክ አስደውሎ፣ መጥተሽ ውሰጂኝ አለኝ። እኔ አላስገደድኩትም።»

ሽብሩን ወንበሩ ላይ መልሰን አስቀመጥነው። ብረቱን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። አፉ ቃል እስኪያገኝ ጠበቅነው።

«ኳሱን… መቼ ወደድኩት፣ ጋሮማ» አለ። «ካንተ ጋር… ለመሄድ ነበር።» ትንሽ አርፎ ደግሞ፣ «መንገዱን ሳይ… ክረምቱ አለቀ» አለ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጋሮማ ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና የሽብሩን በድን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እንደዚያው ሆነው ቆዩ። ሩትና እኔ የቀረውን ካርቶን ስናሥር ሁለታቸውን እየዞርናቸው ነበር የምናልፈው፤ እንዲነሡ የጠየቃቸው የለም።

በማግስቱ መኪናው ሲነሣ ብረቱ ከሽብሩ እግር ሥር ተቀምጦ አየሁ። ጋሮማ ነው ይውሰደው ብሎ ሩትን የለመናት። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ሆኖ ምን እንደሚያደርግበት እንጃ። ሽብሩ በመስታወቱ ግራ እጁን አነሣልን፣ መኪናው የባኮን መንገድ ይዞ ሄደ። ጋሮማና እኔ በእግራችን ተመለስን። እንድቆጣው የጠበቀ ይመስለኛል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ስድቤ አንዱም አፌ ላይ አልመጣ አለኝ፤ ብናገር ማልቀሴ ነበር። ቤቴ ጋ ደረስን። እሱም ቆመ።

«ቲቸር፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «ያኔ በሰኔ ባዶ እጄን ሄጄ አጠገቡ ብቀመጥ ኖሮ አይሄድም ነበር፣ አይደል?»

ልዋሽለት ፈልጌ ነበር። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚባል ነገር አይጠፋም፤ በሽታው ነው፣ ልጅ አባቷን መውሰዷ አይቀርም ነበር፣ የእግዜር ፈቃድ ነው ይባላል። ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠብቀኝ ነበር።

«አይሄድም ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ስለነገርኩት አመሰገነኝና ብቻውን ወደ ቤቱ ሄደ።